የአየር ጠመንጃ ቅኝትና በሰደፍ ላይ የምትበሳው ትንሽ ቀዳዳ

በአየር ጠመንጃ ሰደፍ ላይ፣ ከቃታው ጥቂት ወደ ኋላ፣ ከእርሳስ ውፍረት የማትበልጥ ቀዳዳ መብሳት ተራ የጓሮ ሥራ ይመስላል። ትራፓኖ፣ ሞርሳና የአንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ይበቃዋል። ነገር ግን በአንዳንድ ሞዴሎች የመዶሻውን ሞላ የሚያጠብቀውና የሚያላላው ብሎን በሰደፉ እንጨት ተሸፍኖ የሚኖር በመሆኑ፣ ይህች ቀዳዳ የጠመንጃውን ጠባይ ለማወቅ የሚደረገውን ሥራ ከሥሩ ትለውጠዋለች። ባለ ስድስት ማዕዘኑ መፍቻ በእርሷ በኩል ገብቶ ብሎኑን ያገኘዋል፤ ጠመንጃውም ከሰደፉ ሳይነቀል ይስተካከላል። አምራቾች ይህን ዓይነቱን የቤት ውስጥ ማሻሻያ አይወዱትም፤ ሕግ አውጪዎችም በጥርጣሬ ዓይን ይመለከቱታል። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አይባልም። ቢሆንም ቀዳዳዋ ጠበቃ ልታገኝ ይገባታል፤ ምክንያቱም ያለ እርሷ የሚደረገው ማስተካከል ባለቤቱን ከማሳሳት የዘለለ ፋይዳ ብዙ ጊዜ የለውም።

ለዚህ ሥራ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ መቃኘት። በገናና ክራር የሚይዝ ሰው ጅማቱን የሚያጠብቅበት መቃኛ በቀንበሩ ላይ፣ እጁ በሚደርስበት ስፍራ ተቀምጧል። እያዳመጠ ያጠብቃል፤ እያጠበቀ ያዳምጣል። አንድ ጅማት ለማላላት መሣሪያውን በሙሉ መፈታታት ቢኖርበት ኖሮ፣ መልሶ ሲገጥመው የሰማው ድምፅ ከጅማቱ ይሁን ከአገጣጠሙ ሊለይ ባልቻለም ነበር። የአየር ጠመንጃ ባለቤት የሚገጥመው ችግር ቁርጥ ይኸው ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ በገበያ ላይ ካሉት የአየር ጠመንጃዎች አብዛኞቹ ከሁለት ቤተሰቦች ከአንዱ ይመደባሉ። የመጀመሪያው ባለ ሞላ ነው። ተኳሹ በክንዱ ኃይል ጠንካራ ሞላ ይጨምቃል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውራል፤ ከፒስተኑ ፊት የታመቀው አየር ግለትና ግፊት አግኝቶ ትንሿን የእርሳስ ጥይት ያስወጣል። ጥይቷ ገና ከበርሜሉ ሳትወጣ ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ቀጥሎም ወደ ፊት ይነቀነቃል። ስለዚህ ባለ ሞላ ጠመንጃ የአያያዝን ጥቃቅን ልዩነት ሁሉ በዒላማው ወረቀት ላይ ይመዘግባል። ሁለተኛው ቤተሰብ አስቀድሞ የታመቀ አየር በሲሊንደር የሚይዘው ነው። ግፊቱ ብዙውን ጊዜ 200 ባር ገደማ፣ ማለትም በዙሪያችን ካለው አየር ግፊት 200 እጥፍ ነው። ቃታው ሲሳብ በሞላ የሚገፋ መዶሻ ቫልቩን ለአፍታ መትቶ ይከፍተዋል፤ በዚያች ቅጽበት ያመለጠው አየር ጥይቷን ይገፋል። እዚህ የኃይሉ ልክ የሚወሰነው መዶሻው ቫልቩን ምን ያህል አጥብቆ በመምታቱ፣ የአየር መተላለፊያው ቀዳዳ ምን ያህል ሰፊ በመሆኑና ቫልቩ ውስጥ ባለው ግፊት ነው። ከሦስቱ በቤት ውስጥ በቀላሉና ያለ አደጋ የሚነካው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ሰደፉ ያልተበሳ ጠመንጃ ባለቤት ታዲያ እንዲህ ያደርጋል። አሥር ጥይት ይተኩሳል፤ ፍጥነቱን ይጽፋል፤ ሰደፉን የያዙትን ብሎኖች ይፈታል፤ የመዶሻውን ሞላ በሩብ ዙር ያላላል፤ ሰደፉን መልሶ ይገጥማል፤ እንደገና ይተኩሳል። ውጤቱ ተለወጠ። የለወጠው ማን ነው? ሩብ ዙሩ ሊሆን ይችላል። የሰደፉ ብሎኖች ከቀድሞው ይልቅ ጠብቀው ወይም ላልተው ሊሆንም ይችላል፤ የብሎኖቹ ጥብቀት ጥይት የሚያርፍበትን ስፍራ እንደሚለውጥ ማንኛውም የዒላማ ተኳሽ ያውቃል። ሥራው ግማሽ ሰዓት ወስዶ ከሆነ ደግሞ ሲሊንደሩ ቀዝቅዞ ወይም ሞቆ ይሆናል። ሳይንስ ከተማሪው ከሚጠይቃቸው ነገሮች የመጀመሪያው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንዲለውጥ ነው፤ ሰደፉን የነቀለ ሰው ግን ሳያስበው ሦስትና አራት ነገር ለውጧል። ቀዳዳዋ ይህን ታስቀራለች። በመፍቻው ሩብ ዙር፣ አሥር ጥይት፤ ሌላ ሩብ ዙር፣ ሌላ አሥር ጥይት። በብሎኑ ራስ ላይ በነጭ ቀለም አንዲት ነጥብ ብትጨመር ደግሞ ወደ ተነሡበት መመለስ ይቻላል። ወደ መነሻው ሊመለስ የማይችል ሙከራ ግማሽ ሙከራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ቁም ነገር አለ። ግፊት ማመጣጠኛ የሌለው የታመቀ አየር ጠመንጃ ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ሲሞላ ከሁሉ የበለጠ ፈጣን ነው ተብሎ ይታሰባል። እውነቱ ሌላ ነው። ሲሊንደሩ ሲሞላ የውስጡ ግፊት ቫልቩን አጥብቆ ይዘጋዋል፤ መዶሻው በዚያ ላይ ሲያርፍ ቫልቩ የሚከፈተው ለአጭር ጊዜና በጥቂቱ ነው። ተኩሱ ሲቀጥልና ግፊቱ ሲቀንስ ቫልቩ ይበልጥ እየተከፈተ ይሄዳል፤ ፍጥነቱም ይጨምራል። ከዚያ የሚገፋው አየር እየሳሳ ሲመጣ ፍጥነቱ ተመልሶ ይወርዳል። በወረቀት ላይ ቢሣል የኮረብታ ቅርጽ ይወጣዋል። ጥሩ ቅኝት ማለት የዚህን ኮረብታ ጫፍ ጠፍጣፋና ረጅም ማድረግ ነው እንጂ ከፍ ማድረግ አይደለም። የመዶሻውን ሞላ ባጠበቁት ቁጥር ጫፉ ወደ ከፍተኛው ግፊት ይጠጋል፣ ባላሉት ቁጥር ወደ ዝቅተኛው ይሸሻል። ባለቤቱ የሚፈልገው ዒላማውን ደጋግሞ መምታት ከሆነ፣ ሠላሳ ጥይት ያህል በተቀራረበ ፍጥነት የሚተኩስበትን የግፊት ክልል ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራው።

ይህን ሁሉ በዓይን ማየት አይቻልም፤ በጆሮም አይለይም። የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ክሮኖግራፍ የሚባለው የፍጥነት መለኪያ። የተለመደው ዓይነት ጥይቷ በሁለት የብርሃን መቆጣጠሪያዎች መካከል ለማለፍ የወሰደባትን ጊዜ ይቆጥራል። ቤንጃሚን ሮቢንስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፉ ጥይት የተንጠለጠለ ግንድ መትታ ምን ያህል እንደምታወዛውዘው በማየት ፍጥነቷን ማስላት እንደሚቻል አሳይቷል። ዘዴው ዛሬም ይሠራል፤ ግን ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። 0.54 ግራም የምትመዝን ጥይት በሴኮንድ 240 ሜትር እየበረረች በአንድ ሜትር ገመድ የተንጠለጠለ ግማሽ ኪሎ ጭቃ ውስጥ ብትቀበር፣ ጭቃው ስምንት ሴንቲሜትር ገደማ ይወዛወዛል። ፍጥነቷ ወደ 250 ሜትር ቢያድግ ልዩነቱ ሦስት ሚሊሜትር ከግማሽ እንኳ አይሞላም። የሰው ዓይን የሚያመልጠው ይህ ሦስት ሚሊሜትር ነው በአንዳንድ አገር ሕጋዊውን ከሕገወጡ የሚለየው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የጥይት ኃይል ከክብደቷ ግማሽ በፍጥነቷ ካሬ ተባዝቶ ይገኛል። በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ጦር መሣሪያ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ጣሪያ 12 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም 16.27 ጁል ነው። ያቺው 0.54 ግራም ጥይት በ240 ሜትር 15.55 ጁል ይኖራታል፤ በ250 ሜትር ግን 16.88 ጁል ይሆንና ጣሪያው ታልፏል። አሥር ሜትር የማይሞላ ልዩነት ከሩብ ወይም ከግማሽ ዙር ብሎን ሊመጣ ይችላል። ከዚያ የባሰ ወጥመድም አለ። የታመቀ አየር ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ከባድ ጥይት ሲጎርስ የበለጠ ኃይል ይሰጣል፤ ባለ ሞላው ደግሞ በአመዛኙ በቀላል ጥይት ይበረታል። ስለዚህ በ0.54 ግራም ጥይት ተለክቶ ሕጋዊ የሆነ ጠመንጃ 0.67 ግራም ጥይት ሲሰጠው፣ ፍጥነቱ ወደ 222 ሜትር ዝቅ ቢልም እንኳ 16.5 ጁል ደርሶ ሕጉን ሊጥስ ይችላል። የኮረብታው ነገርም እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሲሊንደሩን ሞልቶ አምስት ጥይት ብቻ ለክቶ የተረጋጋ ሰው ዝቅተኛውን ፍጥነት አይቶ ይሆናል። በክረምት ብርድ የተቃኘም እንዲሁ በሐምሌ ሙቀት ሌላ ጠመንጃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚያ አገር ከጣሪያው ያለፈ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያደርስ ወንጀል ሲሆን፣ «አላወቅሁም ነበር» ማለት መከላከያ አይሆንም።

ይህ በተለይ በተለያዩ አገሮች ተበትኖ ለሚኖር ማኅበረሰብ የራሱ ክብደት አለው። ጀርመን ውስጥ ለዐሥራ ስምንት ዓመት ሰው ያለ ፈቃድ የሚሸጠው የአየር ጠመንጃ ጣሪያ 7.5 ጁል ሲሆን፣ በላዩ ላይ በአምስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ የላቲን ፊደል ምልክት ይታተምበታል። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2016 ጀምሮ ዝቅተኛ ኃይል ላለውም ጭምር የምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። ካናዳ ፍጥነትና ኃይልን አጣምራ ትመለከታለች፤ በሴኮንድ ከ152.4 ሜትርም ከ5.7 ጁልም የሚያልፈው እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ይቆጠራል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ጦር መሣሪያ የሚለው በፈንጂ ኃይል የሚሠራውን በመሆኑ የአየር ጠመንጃ ከዚያ ውጭ ነው፤ ኒው ጀርሲን የመሰሉ ግዛቶች ግን በራሳቸው ሕግ ይጨምሩታል። ቨርጂኒያ ያለ ወንድም በነጻነት የቃኘውን ጠመንጃ በርሊን ወይም ኤድንበርግ ላለ ዘመዱ «እንዲህ አድርገህ አጥብቀው» ብሎ በስልክ ቢያስተምረው፣ በቅንነት የተነገረው ምክር ዘመዱን ለፖሊስ ሊዳርገው ይችላል። ምክሩ ውቅያኖስ ሲሻገር ፊዚክሱ አይለወጥም፤ ሕጉ ግን ይለወጣል።

እንግዲህ የተቃዋሚዎቹ ክርክር ኃይል የሚያገኘው ከዚህ ነው። ማስተካከያው ለመፍቻ ቅርብ ከሆነ ሕግ መጣስም ቅርብ ይሆናል ይላሉ። አንዳንድ አምራቾችም ብሎኑን በሙጫ ወይም በልዩ ክዳን ያሽጉታል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ይስታል። እሽጉ የሚያግደው ጥንቁቁን ሰው ነው። ኃይል መጨመር የፈለገ ሰው ሰደፉን ነቅሎ፣ ጠንካራ ሞላ ገዝቶ፣ ከሞላው ጀርባ ሮንዴላ ደራርቦ ሥራውን ይፈጽማል፤ ለእርሱ አንድ ጊዜ መፈታታት ይበቃዋል። ደጋግሞ መክፈት የሚያስፈልገው ልኩን አግኝቶ ከልኩ በታች ለማቆም የሚሻው ነው። ኃይሉን ለመቀነስ የሚፈልግም አለ፤ ለምሳሌ በጓሮው በአሥር ሜትር ርቀት ወረቀት ለሚመታ ሰው አሥራ ስድስት ጁል ምንም አይጠቅመውም፣ አየር ያባክናል፣ ጎረቤት ይረብሻል።

ደግሞም ኃይል መጨመር የሚያስገኘው ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ባለ ሞላ ጠመንጃ ላይ ከመጠን በላይ ጠንካራ ሞላ ሲገጠም ፒስተኑ ከታመቀው አየር ትራስ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ተጨማሪው ኃይል ወደ ጥይቷ ከመሄድ ይልቅ ወደ ንቅናቄ ይለወጣል፤ የመነጽሩ ማሰሪያ ይላላል፤ ሞላው ራሱ ይሰበራል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ከፋብሪካው ይልቅ ለስለስ ያለ ሞላ አስገብተው፣ ሞላው በመሪው ላይ እንዳይንገጫገጭ አጥብቀው፣ ተገቢውን ግራሶ በስሱ ቀብተው የተሻለ ውጤት ያገኛሉ። በስሱ የሚለው ቃል ክብደት አለው፤ በፒስተኑ ፊት የተረፈ ዘይት በመታመቁ ግለት እንደ ናፍጣ ሞተር ሊነድ ይችላልና።

ለቀዳዳዋ የሚሰጠው ድጋፍ ግን ለማንኛውም የቤት ውስጥ ሥራ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ሰደፍ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ነው፤ ግፊት አይሸከምም፤ ቢበላሽ የሚጠፋው ገንዘብ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ ከሰደፉ ተለይቶ፣ ሰደፉ ብቻውን በሞርሳ ተይዞ ይበሳል። 200 ባር የሚይዝ ሲሊንደር ላይ፣ በቫልቩ አካል ላይ ወይም በግፊት ማመጣጠኛው ላይ ትራፓኖ ወይም ሞረድ ማሳረፍ ግን እብደት ነው፤ ያ የታመቀ አየር ሲፈነዳ ብረቱን ጥይት ያደርገዋል። ባለ ሞላውን ያለ ሞላ መጭመቂያ መክፈትም እንዲሁ ጣትና ዓይን ያስከፍላል። ከሁሉ የሚከፋው የቃታውን መንጠቆ መሞረድ ነው። ቃታው እንዲለሰልስ ተብሎ የተሞረደ መንጠቆ ጠመንጃው መሬት ሲነካ ወይም በር ሲገጭ ራሱን ሊለቅ ይችላል። የዚህን ጉዳት የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ሞራጁ ሳይሆን አጠገቡ የቆመ ሰው ነው።

ነገሩን ከታሪክ ብንመለከተው ማስተካከያና ጥገና ለእጅ ቅርብ መሆን አለመሆኑ መሣሪያዎችን ሲጥልና ሲያነሣ ኖሯል። የኦስትሪያ ጦር ከ1780 አካባቢ ጀምሮ የታጠቀው የጂራንዶኒ የአየር ጠመንጃ በዘመኑ ተአምር ነበር፤ ሌላው ወታደር አንድ ጥይት ሲያጎርስ እርሱ ሃያ ያህል በተከታታይ ይተኩስ ነበር። ግን የአየር ማጠራቀሚያውን ለመሙላት በእጅ ፓምፕ 1500 ጊዜ ገደማ መግፋት ያስፈልግ ነበር፤ ማጠራቀሚያውም ስስ፣ ጥገናውም ልዩ ሥልጠና ያለው ባለሙያ የሚሻ ነበርና ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ ከአገልግሎት ወጣ። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ወደ ውድድር የገባውን የአሥር ሜትር የአየር ጠመንጃ ተመልከቱ። ዒላማው መካከል ያለችው የአሥር ነጥብ ምልክት ግማሽ ሚሊሜትር ናት። ይህን ለመምታት የተሠራው ጠመንጃ ጉንጭ የሚያርፍበት፣ ትከሻ የሚደገፍበትና የቃታው ርቀትና ክብደት ሁሉም ከውጭ በመፍቻ ይስተካከላሉ፤ ብዙዎቹም መስመርና ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ፍጥነቱ ደግሞ በሴኮንድ 170 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። የዓለም ምርጥ ተኳሾች ኃይል ሳይሆን ድግግሞሽ እንደሚፈልጉ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ለአንድ ሻምፒዮን የተፈቀደው መስመርና ቁጥር ለተራ ገዢ የማይገባበት ምክንያት የለም። አምራቾች ቀዳዳውን ራሳቸው ቢበሱት፣ በብሎኑ ዙሪያ ልኬት ቢቀርጹ፣ ከላይኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ሕጉ ከሚፈቅደው እንዳያልፍ የሚያግድ ማቆሚያ ቢያኖሩ፣ ሰው በትራፓኖ ሰደፍ የሚበሳበት ምክንያት አይኖርም ነበር። እስከዚያው ባለቤቱ ከትራፓኖው በፊት ክሮኖግራፍ ቢገዛ፣ ቢያንስ በሦስት ዓይነት ጥይት፣ ሲሊንደሩ ከሞላበት እስከሚቀንስበት ድረስ ቢለካና ከሕጉ ጣሪያ በታች የአንድ ጁል ያህል ርቀት ቢተው ራሱን ይጠብቃል።

ጠመንጃው ሲሸጥ የሚከተለው ግን ብዙም አይነገርም። ያገለገለ የአየር ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ከቀድሞው ባለቤት ጋር ዝናብና ጭቃ ብቻ ሳይሆን የቀድሞውን ብሎን ዙርም አብሮ ይገዛል። በሰደፉ ላይ ቀዳዳ ካየ ይህ ጠመንጃ መነካቱን ወዲያው ያውቃል፤ ይጠይቃል፤ ይለካል። ቀዳዳ የሌለው፣ ከውስጥ ግን ሮንዴላ የተደራረበበት ጠመንጃ ምንም ሳይናገር እጁ ይገባል። የነጩ ቀለም ነጥብ የት እንደነበረች፣ በየትኛው ጥይት ስንት ሜትር እንደተለካና በምን ቀን እንደሆነ የተጻፈባት አንዲት ደብተር ከጠመንጃው ጋር ብትሰጠው ደግሞ አዲሱ ባለቤት ሥራውን ከሌላው ካቆመበት ይቀጥላል።